ቴሌቪዥን ሲገዛና ሲሸጥ የነጥቡን ብዛት ስለ ማወቅ

እህል የሚሸጥ ነጋዴ ሚዛን አለው፤ አቡጀዲ የሚሸጥም ሜትር አለው። ገዢው የተጠራጠረ እንደሆነ እህሉ በፊቱ ይመዘናል፤ ጨርቁም በፊቱ ይለካል። ቴሌቪዥን የሚሸጥ ነጋዴ ግን ብዙውን ጊዜ የሚለካበት ነገር ስለሌለው በካርቶኑ ላይ የታተመውን ቃል ያነባል፤ ገዢውም የተነበበለትን አምኖ ይከፍላል። በአንድ መደርደሪያ ላይ ስፋታቸው እኩል፣ መልካቸውም ተመሳሳይ የሆነ ሁለት ቴሌቪዥኖች ቆመው የአንዱ ዋጋ ከሌላው በብዙ ብር ሲበልጥ፣ ደንበኛው «ልዩነታቸው ምንድር ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «ይኼኛው ፎር ኬ ነው» የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ፎር ኬ ምን ማለት እንደሆነና ለዚያ ደንበኛ ምን እንደሚጠቅመው ካልተነገረው፣ የተሸጠለት ስም ነው እንጂ ዕቃ አይደለም።

ስም የገዛ ደንበኛ ወደ ቤቱ ገብቶ በቀድሞው ቴሌቪዥኑና በአዲሱ መካከል ያሰበውን ያህል ልዩነት ባያገኝ፣ ቅሬታው በሩቅ አገር ባለው ፋብሪካ ላይ አይወድቅም፤ ፊቱን በሚያውቀው ባለሱቅ ላይ ነው የሚወድቀው። አስመጪውም ቢሆን የዕቃውን ነገር ሳይመረምር በስሙ ብቻ አዝዞ ያመጣ እንደሆነ ገንዘቡ በመጋዘን ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ የቴሌቪዥን ነጥብ ብዛት፣ በተለምዶ ረዞሉሽን የሚባለው፣ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚለካ ማወቅ ለአስመጪውም ለባለሱቁም የሥራው ክፍል ነው።

ነጥብ ማለት ምን ማለት ነው

የቴሌቪዥን ስክሪን በአጉሊ መነጽር ከቅርብ ሲታይ አንድ ወጥ ሥዕል ሳይሆን በመስመር የተደረደሩ እጅግ ደቃቅ ነጥቦች ሆኖ ይገኛል። እያንዳንዱ ነጥብ፣ ፒክስል የሚባለው፣ በውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ይዟል፤ የሦስቱ መጠን በመለዋወጡ ልዩ ልዩ ቀለም ይገኛል። ነገሩ በአለላ እንደተሰፋ መሶብ ነው። ስፌቱ በደቀቀ ቁጥር በላዩ የተጣለው ሐረግ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ስፌቱ የወፈረ እንደሆነ ግን የሐረጉ ጠርዝ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ይታያል።

የነጥቡ ብዛት የሚነገረው በሁለት ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው ወደ ጎን፣ ሁለተኛው ወደ ታች የተደረደሩትን ያመለክታል። ሁለቱ ሲባዙ የጠቅላላው ነጥብ ብዛት ይገኛል። በገበያ ላይ የሚገኙት ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ኤችዲ የሚባለው 1280 በ720 ሲሆን፣ በጠቅላላው 921,600 ነጥብ ነው። ነገር ግን በዚህ ስም የሚሸጡት ብዙዎቹ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ስክሪናቸው 1366 በ768 ነው፤ ይኸውም 1,049,088 ነጥብ ይሆናል።

ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ሲሆን፣ 2,073,600 ነጥብ አለው።

አልትራ ኤችዲ ወይም ፎር ኬ የሚባለው 3840 በ2160 ሲሆን፣ 8,294,400 ነጥብ አለው። ይህም የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ መሆኑ ነው።

ኤይት ኬ የሚባለው 7680 በ4320 ሲሆን፣ 33,177,600 ነጥብ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ኢንች የሚለካው የስክሪኑን ስፋት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ነው እንጂ ነጥቡን አይደለም። ባለ 32 ኢንችና ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥኖች ሁለቱም ፉል ኤችዲ ከሆኑ የነጥባቸው ብዛት አንድ ነው፤ በትልቁ ላይ ግን ነጥቡ ሰፋ ሰፋ ብሎ የተዘረጋ ነው። ስለሆነም ትልቅ ስክሪን ሁሉ የጠራ ስክሪን ነው ማለት አይደለም።

ከ625 መስመር እስከ ዛሬ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን በጀመረበት በ1957 ዓ.ም. የሥዕል ጥራት የሚቆጠረው በነጥብ ሳይሆን በመስመር ነበር። በኢትዮጵያም ሆነ በአብዛኛው አውሮፓና አፍሪካ ሲሠራበት የቆየው የቀድሞው ሥርዓት ባለ 625 መስመር ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ሥዕል የሚሸከሙት 576 ነበሩ። ዛሬ በዲጂታል ሲቆጠር 720 በ576፣ ወይም 414,720 ነጥብ ይሆናል። ሕዝቡ ይህን ሥዕል ለብዙ ዘመን ወድዶ ሲመለከት ኖሯል፤ የተሻለ ስላላየም ጎደለ ያለ አልነበረም።

በዚያው ዓመት፣ አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ካሸነፈ በኋላ፣ የጃፓን ማሠራጫ ድርጅት ኤንኤችኬ ከዚህ የጠራ ሥዕል ለማግኘት ምርምር ጀመረ፤ ውሎ አድሮም ባለ 1125 መስመር ሥርዓት አወጣ። ከብዙ ክርክር በኋላም የዓለም ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት 1920 በ1080 የሆነውን ሥዕል የዓለም መለኪያ አድርጎ ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ለ3840 በ2160ና ለ7680 በ4320 መለኪያ አወጣ። ኤንኤችኬ የኤይት ኬ ሥርጭቱን በመደበኛ ጣቢያ የጀመረው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ነው።

ስሞቹ መደባለቅ የጀመሩት በዚሁ ሽግግር ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአውሮፓ «ኤችዲ ሬዲ» የተባለ ምልክት ወጣ። ምልክቱን ለማግኘት ቴሌቪዥኑ ቢያንስ ባለ 720 መስመር ስክሪን እንዲኖረውና ባለ 1080 መስመር ሲግናልንም እንዲቀበል ይፈለግ ነበር። ሲግናሉን ይቀበላል ማለት ግን 1080ውን መስመር ሁሉ በስክሪኑ ላይ ያሳያል ማለት አይደለም። የመጣለትን ሥዕል አሳንሶ በራሱ ስክሪን ልክ ያደርገዋል። «ይቀበላል» እና «ያሳያል» የተባሉት ሁለት ቃላት ያን ጊዜ ተደባለቁ፤ እስከ ዛሬም ገበያውን ማሳሳት አልተዉም።

ስድስት፣ አራት፣ ሁለት

የደቀቀ ስፌት ያለው መሶብና ወፍራም ስፌት ያለው መሶብ በክፍሉ ማዶ ተቀምጠው ቢታዩ፣ ዐይን ሊለያቸው አይችልም። ቴሌቪዥንም እንዲሁ ነው። መደበኛ የሰው ዐይን ለይቶ የሚያየው የአንድ ዲግሪ 60ኛ እጅ የሚያህለውን ነው፤ ከዚያ ያነሰው ሁሉ አንድ ላይ ተዋሕዶ ይታየዋል። ስለዚህ ገዢው ከስክሪኑ የሚቀመጥበት ርቀት ካልታወቀ የትኛው ነጥብ ብዛት እንደሚበቃው መናገር አይቻልም።

ሒሳቡ ለባለሱቅ እንዲቀል በሦስት ቁጥር ሊያዝ ይችላል፤ ቁጥሮቹም 6፣ 4 እና 2 ናቸው። የስክሪኑ ኢንች በ6 ሲባዛ በሳንቲ ሜትር የሚገኘው ርቀት፣ ተመልካቹ ከዚያ ርቆ የተቀመጠ እንደሆነ ባለ 720 መስመር ኤችዲ የሚበቃው መሆኑን ያሳያል። ኢንቹ በ4 ሲባዛ የሚገኘው ደግሞ፣ ከዚያ ርቆ ለሚቀመጥ ፉል ኤችዲ የሚበቃው መሆኑን ያሳያል፤ የፎር ኬ ትርፍ ነጥብ ለዐይን መታየት የሚጀምረው ከዚህ ርቀት ወደ ውስጥ ሲቀረብ ነው። በ2 ሲባዛ የሚገኘው ርቀት የፎር ኬ ጥራት ሙሉ በሙሉ የሚታይበት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ አረጋዊ ደንበኛ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ሊገዙ መጡ እንበል። ባለሱቁ፣ «አባቴ፣ ከሚቀመጡበት ወንበር እስከ ቴሌቪዥኑ ስንት እርምጃ ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። «አራት እርምጃ ያህል ነው፣ ልጄ» ይሉታል። አራት እርምጃ ወደ 3 ሜትር ገደማ ነው። 43 በ4 ሲባዛ 172፣ በ6 ሲባዛ 258 ሳንቲ ሜትር ነው። ደንበኛው የሚቀመጡት ከሁለቱም ርቀው በ300 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሆነ፣ በዚያ ስፋት ለፎር ኬ የሚከፍሉትን ጭማሪ ዐይናቸው አይመልስላቸውም። ባለሱቁ ይህን ቢነግራቸው የዕለቱን ትርፍ ጥቂት ያጎድል ይሆናል፤ ነገር ግን ልጆቻቸውም ጎረቤቶቻቸውም ቴሌቪዥን ሲፈልጉ ወደ ማን እንደሚሄዱ ጥርጥር የለውም።

በ3 ሜትር ርቀት ላይ የፎር ኬ ጥቅም መታየት የሚጀምረው ስክሪኑ ከ75 ኢንች ሲበልጥ ነው፤ በ2 ሜትር ላይ ከ50 ኢንች በላይ ነው። ባለ 32 ኢንች የሆነ እንደሆነ 32 በ6 ሲባዛ 192 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ ከ2 ሜትር ርቆ ለሚቀመጥ ቤተሰብ ኤችዲው ይበቃዋል። በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከቅርብ ጽሑፍ ለሚያነብበት፣ ወይም ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ለሚሠራበት ሰው ግን ፉል ኤችዲው ይሻለዋል። ይህ ሁሉ ለመደበኛ ዐይን የተሰላ ነው፤ ዐይናቸው እጅግ የጠራ ሰዎች ከዚህ ጥቂት ራቅ ብለውም ሊለዩ ይችላሉ።

ወደ ቴሌቪዥኑ የሚገባው ሥዕል

ሁለተኛው ጥያቄ ገዢው በቴሌቪዥኑ የሚያየው ምንድር ነው የሚለው ነው። ስክሪኑ 8 ሚሊዮን ነጥብ ቢኖረውም ወደ እርሱ የሚገባው ሥዕል 400,000 ነጥብ ብቻ የያዘ ከሆነ፣ ቴሌቪዥኑ የጎደለውን በግምት ይሞላል እንጂ ያልነበረውን ዝርዝር ሊፈጥር አይችልም። ጥሩ ቴሌቪዥን ይህን ግምት በሥርዓት ያከናውነዋል፤ ርካሹ ግን ሥዕሉን ያደበዝዘዋል። አሮጌ ጥራት ያለው ሥርጭት በትልቅ የፎር ኬ ስክሪን ላይ ከቅርብ ሲታይ በትንሹ ቴሌቪዥን ላይ ከሚታየው የከፋ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በዲሽ የሚመጣው የሳተላይት ሥርጭት አብዛኛው ከ1080 መስመር አይበልጥም፤ አሮጌውን 576 መስመር የያዙ ጣቢያዎችም አልጠፉም። ሪሲቨሩም ራሱ የኤችዲ ካልሆነ፣ ወይም በቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ የተገናኘ ከሆነ፣ የኤችዲ ጣቢያ ቢመጣ እንኳ ሥዕሉ በአሮጌው ጥራት ነው የሚገባው። ስለዚህ ባለሱቁ ቴሌቪዥኑን ሲሸጥ ስለ ሪሲቨሩና ስለ ኤችዲኤምአይ ገመዱ መጠየቁ ከትርፉም ከምስጋናውም ይጨምርለታል።

የፎር ኬ ሥዕል በብዛት የሚገኘው በኢንተርኔት፣ በጨዋታ መሣሪያ፣ እንዲሁም በስልክና በካሜራ ከተነሣ ፊልም ነው። ኔትፍሊክስ የተባለው የፊልም ማሠራጫ ለፉል ኤችዲ በሰከንድ 5 ሜጋቢት፣ ለፎር ኬ ደግሞ 15 ሜጋቢት ፍጥነት ያለው ኢንተርኔት እንዲኖር ለደንበኞቹ ይመክራል። የገዢው ቤት ኢንተርኔት ይህን የማይደርስ ከሆነ ፊልሙ በራሱ ጊዜ ወደ ዝቅተኛው ጥራት ይወርዳል። በሌላ በኩል የልጁን የሠርግ ፊልም በፎር ኬ አስነሥቶ በፍላሽ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ፣ ሰፊ ስክሪን ገዝቶ ቀረብ ብሎ ቢመለከት የከፈለበትን በዐይኑ ያገኘዋል። ይህን ደንበኛ ወደ ዝቅተኛው መመለስ ራሱ ስሕተት ነው።

ነጥብን በማስመሪያ ስለ መቁጠር

ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት የሚመጣው በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከስክሪኑ ነጥብ ጋር የማይስማማ ሲሆን ነው። አንዳንድ ርካሽ ቴሌቪዥንና በተለይም ፕሮጀክተር በካርቶኑ ላይ በትልቁ «ፎር ኬ» ወይም «1080» ተብሎ ይታተምበታል፤ በአጠገቡ ግን በደቃቅ ፊደል «ሰፖርትድ» የሚል ቃል አለ። ትርጉሙ ዕቃው እንዲህ ያለውን ሲግናል ይቀበላል ማለት ብቻ ነው። የስክሪኑ የራሱ ነጥብ ብዛት፣ በንግድ ሰነድ ላይ «ኔቲቭ ረዞሉሽን» ተብሎ የሚጻፈው፣ ከዚያ እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ያልተገላበጠ ያራል እንደሚባለው፣ ካርቶኑን አገላብጦ ያላነበበ አስመጪ ጉዳቱን የሚያውቀው ዕቃው ከጉምሩክ ከወጣ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ለመመርመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ማስመሪያና ሰዓት ሠሪዎች በዐይናቸው ላይ የሚያደርጉትን የመሰለ ዐሥር ጊዜ ያህል የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥኑ በርቶ ሙሉ ነጭ ሥዕል ይደረግበታል። ማስመሪያው በስክሪኑ ላይ በአግድም ይያዝና በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያሉት ነጥቦች በመነጽሩ ይቆጠራሉ። አንድ ነጥብ ተብሎ የሚቆጠረው ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው አንድ ላይ ነው፤ በአንዳንዶቹ ስክሪኖች ነጭም ተጨምሮ ይገኛል። ከዚያም የስክሪኑ የአግድም ስፋት በሳንቲ ሜትር ተለክቶ በተቆጠረው ይባዛል።

ባለ 55 ኢንች ስክሪን የአግድም ስፋቱ 122 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 31 ወይም 32 ነጥብ ከተገኘ ፎር ኬ ነው፤ 16 ያህል ከተገኘ ግን ፉል ኤችዲ ነው። ባለ 43 ኢንች ስፋቱ 95 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 40 ነጥብ ቢገኝ ፎር ኬ፣ 20 ቢገኝ ፉል ኤችዲ ነው። ባለ 32 ኢንች ስፋቱ 71 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 27 ቢገኝ ፉል ኤችዲ፣ 19 ቢገኝ ያው 1366 በ768 የሆነው ኤችዲ ነው። በመቁጠር አንድ ወይም ሁለት ቢሳሳቱ እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ እውነቱ አይሰወርም።

አስመጪና ባለሱቅ ልብ ሊሉት የሚገባ

አስመጪው ዕቃ ከማዘዙ በፊት በፕሮፎርማው ላይ የስክሪኑ ኔቲቭ ረዞሉሽን በቁጥር እንዲጻፍ ማድረግ አለበት፤ «ኤችዲ» ወይም «ፎር ኬ» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም። ባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ሲከፍት የሚመለከተው ሰነድን ስለሆነ፣ በሰነዱ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር በኋላ ክርክር ቢነሣ አስመጪውን አይረዳውም። ብዛት ያለው ዕቃ ከመጫኑ አስቀድሞ አንድ ናሙና አስመጥቶ በማስመሪያና በመነጽር መመርመር ለሁሉም ዋስትና ነው። የኤችዲኤምአይ መግቢያውም ይጠየቅ፤ የ1.4 ዓይነት የሆነው የፎር ኬን ሥዕል በሰከንድ እስከ 30 ጊዜ ሲያሳልፍ፣ የ2.0 ዓይነቱ እስከ 60 ጊዜ ያሳልፋል፤ ልዩነቱም በስፖርትና በጨዋታ ላይ ይታያል።

ባለሱቁ ደግሞ ይህን ይወቅ። በአሁኑ ጊዜ ከ50 ኢንች በላይ የሆኑት አብዛኞቹ የሚሠሩት በፎር ኬ ስለሆነ፣ በዚያ ስፋት ፎር ኬ መሆኑ ብቻውን ልዩ ዋጋ ሊያስከፍል አይገባውም። የዋጋው ልዩነት የሚመጣው ከብርሃኑ ድምቀት፣ ከጥቁሩ ጥቁረት፣ ከቀለሙና ከዋስትናው ነው፤ ገዢው እነዚህን ጎን ለጎን አይቶ ይምረጥ። የነጥብ ብዛት ጥያቄ ይልቁን የሚከብደው በ32 እና በ43 ኢንች መካከል ባሉት ላይ ነው፤ ብዙው ቤተሰብ ገንዘቡን አጠራቅሞ የሚገዛውም እነዚህን ነው።

ስለዚህ በመሸጫ ጠረጴዛው ላይ አንድ ማስመሪያና አንድ አጉሊ መነጽር ቢቀመጥ፣ ደንበኛውም ሦስት ነገር ቢጠየቅ፣ ይኸውም ከምን ርቀት እንደሚቀመጥ፣ በምን ሥርጭት እንደሚያይና ስንት ኢንች እንደሚፈልግ ቢጠየቅ፣ የሽያጩ ነገር ቀና ይሆናል። ከፍ ያለው የሚያስፈልገው ደንበኛ ከፍ ያለውን ምክንያቱን አውቆ ይገዛል፤ ዝቅ ያለው የሚበቃውም ገንዘቡን ሳያባክን ይሄዳል። እህል ሻጩ በሚዛኑ፣ ጨርቅ ሻጩም በሜትሩ እንደሚታመን ሁሉ፣ ቴሌቪዥን ሻጩም በደንበኛው ፊት ቆጥሮ በማሳየቱ ይታመናል።